«ትዝታማ ደግ ነው ልጄ»

ነፋስ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ በሰማሁ ቁጥር አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ደብረ ብርሃን ዳር ባለ አንድ የተፈናቃዮች መጠለያ ነው የተገናኘነው፣ ከወለጋ የመጡ ናቸው፣ ከዛ በላይ ማንነታቸውን አልናገርም። መጠይቅ ይዘን ነበር የሄድነው። የመጀመሪያዋን ጥያቄ ስናነብላቸው ትንሽ ዝም አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና «ትዝታማ ደግ ነው ልጄ፣ ትዝታ ባይኖር ልጄን በምን አየው ነበር» አሉ። አጠገቤ የነበረው መረጃ ሰብሳቢ ልጅ ወረቀቱ ላይ «0» የምትለዋን አከበበ። አይቼዋለሁ። ዝም አልኩ። ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቅን።

ይቺ ዜሮ ናት እስካሁን የምትከነክነኝ።

ወረቀት ላይ ሁሉም ልክ ነበር

እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። አንድ የጥናት ቡድን ፒሲኤል-5 የሚባለውን የፒቲኤስዲ (ከክፉ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ነው) መለያ መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሶ በኛ ሰው ላይ በትክክል ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ሊፈትሽ ሲነሳ፣ እንግሊዝኛውንም ታካሚውንም የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን ብለው ጠሩኝ። ለማታውቁት፣ መጠይቁ ሃያ ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ አለው፣ ድምሩ ቢበዛ 80። እ.ኤ.አ. በ2013 ዲኤስኤም-5 የሚባለው የአሜሪካኖቹ የምርመራ መመሪያ ሲወጣ እሱን ተከትሎ የተዘጋጀ ነው፣ ያዘጋጀውም እዛው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስር ያለው የፒቲኤስዲ ማዕከል ነው፣ በነጻ ነው የሚሰጠው። ድምሩ 31፣ 32፣ 33 አካባቢ ከደረሰ ሰውየው በደንብ ይታይ ይባላል፣ መቁረጫ ነጥብ የሚሉት እሱን ነው። ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ለዚህም ነው ሁሉም የሚወደው። ይሄ ሁሉ ሰው በተጎዳበት አገር ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያወራ ባለሙያ ከየት ይመጣል?

ትርጉሙን በደንቡ መሠረት ነው የሠራነው። ሁለት ሰው ሆነን ለየብቻ ወደ አማርኛ መለስነው፣ ተገናኝተን አንድ አደረግነው፣ ከዛ ዋናውን እንግሊዝኛ አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው አማርኛውን ብቻ ይዞ ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ባክ ትራንስሌሽን የሚሉት ነው፣ ሪቻርድ ብሪስሊን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ከጻፈበት ወዲህ የዚህ ዓይነት ሥራ ያለሱ የሚሠራው ጥቂት ነው። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ስለ ክፉው ቀን እየተመላለሰ ስለሚረብሽ ሐሳብ ነው የምትጠይቀው። እኔ የጻፍኳት እንዲህ ነበር፦ «ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ስለደረሰብዎት አስጨናቂ ገጠመኝ ተደጋጋሚ፣ የሚረብሽ እና የማይፈለግ ትዝታ ምን ያህል አስቸግሮዎታል?» ወደ እንግሊዝኛ ስትመለስ ከዋናው ጋር ቁርጥ አንድ ሆና መጣች። በጣም ነው ደስ ያለኝ። በዛ ስብሰባ ላይ ለቁጥር አንድ የሰጠነው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ብዙ ጊዜ የፈጀብን ሌላ ሌላው ነው። እንግሊዝኛው ሽማግሌውንም ሕፃኑንም፣ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ቃል ይጠራል፣ በአማርኛ ግን አንተ ልበል አንቺ ልበል እርስዎ ልበል ሳትወስን አንዲት ግስ እንኳን መጻፍ አትችልም። እርስዎ አልን። ከዛ አንዷን የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ «እርስዎ» ስንላት ፖሊስ ጣቢያ የተጠራች ይመስል ድርቅ አለችብን፣ ስለዚህ ሦስት ቅጽ ሠራን። «ባለፈው አንድ ወር» የሚለውም አስቸግሮናል፣ አንዱ የሚቆጥረው በሚካኤል ነው፣ አንዱ በገበያ ነው፣ መጠለያ ውስጥ ያለው ሰው ደሞ ባብዛኛው በራሽን ነው፣ «ካለፈው ራሽን ወዲህ» ስንላቸው ነው ወሩ የሚያዝላቸው። ከ«በፍጹም» እስከ «እጅግ በጣም» ያሉትን አምስት መልሶችም በቃል ብቻ ስንዘረዝርላቸው የመሃሎቹ ይጠፋሉ፣ አንደኛውን ጫፍ ወይ ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ቁጭ ነው። ስለዚህ አምስት ሲኒ ደረደርን፣ አንዷን ባዶ፣ አንዷን እስከ አፏ፣ ሦስቱን ደሞ ከፍ ከፍ እያደረግን ውሃ ቀዳንባቸው። «የትኛዋን ሲኒ ያህል?» ይሄኛው ጥሩ ሠራ።

እንደዚህ ስለ ሲኒና ስለ እርስዎ ስንጨነቅ ከርመን አንዱን ደረጃ ግን ዘለልነው። ከጥቂት ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ጥያቄ በጥያቄ «ይሄ ለርስዎ ምን ማለት ነው? በራስዎ አነጋገር ቢነግሩኝ?» እያሉ መጠየቅ የሚባል ደረጃ አለ። ጊዜ የለም ተባለ፣ ገንዘቡም ሊያልቅ ነው ተባለ፣ ባክ ትራንስሌሽኑ ደሞ ንጹህ ነው ተባለ። እኔም ተስማማሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማዬ አለ።

ጀበናዋ

እኚያ እናት ሃያውንም ጥያቄ በትዕግሥት መለሱልን። ከጥቂቱ በቀር መልሳቸው ባዶዋ ሲኒ ወይ ከሷ ቀጥላ ያለችው ነበረች። ልጁ ደምሮ አሳየኝ፣ ከመቁረጫው በታች ናቸው፣ በብዙ በታች። ወረቀቱን ማህደሩ ውስጥ ከተተው። ልንነሳ ስንል «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» አሉን። እህል በራሽን የሚቀበል ሰው ያቺን ቡና እንዴት እንዳገኛት አስበው፣ ግን እምቢ ብሎ መነሳት ደሞ ከዛ የባሰ ነውር ነው። ቁጭ አልን።

ጎረቤታቸውም መጡ፣ ጨዋታ ተጀመረ፣ ስለ ብርዱ ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም ለቆላ ሰው የሚቻል አይደለም። ጀበናዋ ፈላች፣ ወረደች፣ ማቶቷ ላይ ትንሽ ሰከነች። ሊቀዱ አንስተው ዘንበል ሲያደርጓት ከበላያችን ያለች አንዷ ቆርቆሮ ሚስማሯ ላልቶ ኖሮ ነፋሱ አነሳትና መልሶ ጣላት። ጓ! አለች። እኔም ደንግጫለሁ፣ ማንም ይደነግጣል።

ጀበናዋ ከእጃቸው አልወደቀችም። እኔ የማልረሳው እሱን ነው። ሆዷን በሁለት እጃቸው አቅፈው ደረታቸው ላይ አጣበቋት፣ ከእሳት የወረደች ጀበና ናት፣ አልለቀቋትም። ዓይናቸው እኛን አያይም። የሚያዩት በሩን ነው፣ በሩ ላይ ደሞ ማንም የለም። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጎረቤታቸው ከጎናቸው ተንበርክከው ጣታቸውን አንድ በአንድ እያላቀቁ ጀበናዋን ወሰዱላቸው፣ «አይዞሽ፣ ነፋስ ነው እኮ፣ ነፋስ ነው» ይላሉ፣ ድምፃቸው ጥድፊያ የለውም፣ ስንት ጊዜ እንደዚህ እንዳደረጉ ከእጃቸው አሠራር ያስታውቃል።

መዳፋቸው ቀልቶ ነበር፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስንበት። ምን እንደደረሰባቸው አልጠየቅኳቸውም፣ የኛ ሥራ የጥያቄውን ቃል መፈተሽ እንጂ የሰው ቁስል መክፈት አልነበረም። ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። «እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ቡና ላፍላ፣ ውሃ ልቅዳ፣ ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል። አባርረዋለሁ፣ ይመለስብኛል። ሌት ደግሞ ያባንነኛል። ቤታችን ቆርቆሮ ነበር፣ መጀመሪያ የሰማሁት ቆርቆሮውን ነው።»

«እማማ» አልኳቸው፣ «ቅድም ስንጠይቅዎ ምንም አያስቸግረኝም ብለውን ነበር እኮ።»

ገርሟቸው አዩኝ። «እናንተ የጠየቃችሁኝ ትዝታ ነዋ! ትዝታ ማለትማ ልጄ ከበሬዎቹ ጋር ሲገባ፣ እየሳቀ እራት አምጪ ሲለኝ፣ እሱ ነው። እሱን እጠላዋለሁ? ይሄኛው ትዝታ አይደለም።»

«ታዲያ ይሄኛው ምን ይባላል?»

አሰቡ። «ምን ስም አለው፣ ድቅን ይልብኛል ነው እንጂ።»

በሳምንቱ ከጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር አገናኘናቸው። በወረቀቱ ቢሆን አንልካቸውም ነበር። የላክናቸው በጀበናዋ ምክንያት ነው።

ዘነበልኝ፣ ዘነበብኝ

ማታ ሆቴል ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትዝታ የሚለውን ቃል ማን መረጠው? እኔ። እንዴት ነው ያልታየኝ? እዚህ አገር ያደገ ሰው ትዝታ ምን እንደሆነ አያውቅም ልበል? ቅኝት ነው፣ የሄደውን የሚጠራበት ነው፣ ያምማል ግን ሰው ሆን ብሎ ክራር አስመትቶ ይጠራዋል። አልቅሶም ቢሆን ወዶት ነው። ለእሳቸው «የማይፈለግ ትዝታ» ማለት የማይጣፍጥ ማር እንደማለት ነው፣ እንደዛ ዓይነት ነገር ስለሌለ «የለብኝም» አሉ። ትክክለኛ መልስ ነው የሰጡን። ስህተቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው።

ከዛ ደሞ «ብኝ» የምትለዋ ነገር። ይሄን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። እኔ «የማይፈለግ» የሚለውን ቃል ከቢሮ ደብዳቤ ላይ የወሰድኩት ይመስል እንደ ድንጋይ አንስቼ ጥያቄው መሃል አስቀምጬዋለሁ፣ አማርኛ ግን ለዛ ነገር ቃል አያስፈልገውም፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ጣል ያደርገዋል። ሰኔ ላይ ዘርቶ የጠበቀ ገበሬ «ዘነበልኝ» ይላል። ኅዳር ላይ እህሉ አውድማ ላይ ያለ ገበሬ «ዘነበብኝ» ይላል። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። መጣልኝና መጣብኝም እንደዛው። እሳቸው «ድቅን ይልብኛል፣ ይመለስብኛል» ሲሉ ያለ ፈቃድ መምጣቱን፣ መደጋገሙን፣ ማሸነፉን በሁለት ቃል ጨርሰውታል፣ እኔ በሦስት ቅጽል ያልቻልኩትን።

ባክ ትራንስሌሽኑ ለምን አልያዘውም? መልሶ የተረጎመው ሰው ጎበዝ ነው፣ ችግሩ እሱም እኔም አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት የገባን፣ አንድ ዓይነት መዝገበ ቃላት ያገላበጥን ሰዎች መሆናችን ነው። እኔ እንግሊዝኛውን ሳይ በጭንቅላቴ የመጣው «ትዝታ» ነው፣ እሱ «ትዝታ»ን ሲያይ የመጣለት ያው እንግሊዝኛ ነው፣ ተግባባን። መሃላችን ላይ ግን እኚያ እናት የሉም። ሁለት የተማሩ ሰዎች እርስ በርስ መግባባታቸውን ነው የለካነው፣ ይሄን ደሞ ሳንለካውም እናውቀው ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ለቡድኑ ስናገር ሁሉም እሺ አላለኝም። አንዱ ያነሳው ነጥብ ቀላል አይደለም፣ ቃሉን እንደፈለግን ከለወጥነው ውጤታችንን ሌላ አገር ከተሠራው ጋር እንዴት እናወዳድራለን፣ ሁሉም በየቋንቋው የራሱን ጥያቄ ከጻፈ መለኪያ መሆኑ ይቀራል አለ። እውነቱን ነው፣ ሜትሩ በየአገሩ ከተለያየ ሜትር አይደለም። እኔ ያልኩት ግን፣ አሁንም የምለው፣ የአሜሪካው ወታደር የተጠየቀውና እማማ የተጠየቁት ነገር አንድ ካልሆነ ምኑን ነው የምናወዳድረው? ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ከተለያየ ማወዳደሩ ድሮም አልነበረም። ዚምባብዌዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሾና የሕመም መጠይቅ የሚባለውን አስራ አራት ጥያቄ ሲያዘጋጁ የጀመሩት ከሕዝቡ አነጋገር ነው፣ «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ቃል አላቸው፣ ማሰብ ማብዛት እንደማለት ነው፣ እኛም «ሐሳብ ያበዛል» እንላለን አይደል? ያ ቃል ዛሬ ዲኤስኤም-5 ውስጥ ራሱ ገብቷል። እኛ ደሞ አዲስ መጠይቅ እንፍጠር እንኳን አላልንም፣ ያለውን በሚገባ አማርኛ እንጠይቅ ነው ያልነው። ብዙ ተከራክረን ሦስት ሳምንት ተሰጠን።

የቀሩት አስራ ዘጠኝ

በሦስቱ ሳምንት የተማርኩት ትምህርት ቤት ከተማርኩት ይበልጣል። ቁጥር ስምንት የክፉውን ቀን ዋና ዋና ነገር ማስታወስ ያቅትዎታል ወይ ብላ ትጠይቃለች። አንድ አባት ይቺን ሲሰሙ ተቆጡ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ! እኔ ነኝ የምረሳው?» የሞቱባቸውን ረስተሃል ተብለው የተከሰሱ ነው የመሰላቸው። እንደዛ የተሰማው ሰው በውስጡ የጠፋበት ነገር ቢኖር እንኳ አይነግርህም። ለውጠን «አንዳንድ ሰው የዛን ቀን ነገር ከፊሉ ይጨልምበታል፣ እርስዎስ?» አልን፣ «ይጨልማል እንጂ፣ ከበሩ ወጥቼ መንገዱ ላይ እስክገኝ ያለው የለኝም» አሉ። እኚሁ ሰው ናቸው።

ቁጥር አስር የምትጠይቀው ለደረሰው ነገር ራስን ወይ ሌላ ሰውን ስለመውቀስ ነው። በኛ የመጀመሪያ ትርጉም «ጥፋተኛ» የሚል ቃል ነበረበት፣ በዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው መጥቶ ጥፋተኛው ማን ነው ሲልህ ምን ትላለህ? «እግዜር ያመጣው ነው» ትላለህ፣ «የአላህ ሥራ ነው» ትላለህ፣ ዝም ትላለህ። ራስን የመውቀሱን ክፍል «‹እንዲህ ባደርግ ኖሮ› እያሉ ይብሰለሰላሉ?» ብለን ስንጠይቅ ግን ሰዉ ይከፈታል። ባል ናቸው፣ ሚስታቸውን ገበያ የላኩ። ልጅ ናት፣ እናቷን ቅደሚ ያለች።

ስለ መደንገጧ ጥያቄ አንድ ባልደረባዬ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን እናስገባበት አለ፣ በርግጥም ከዛ የተሻለ የፒቲኤስዲ መግለጫ የትም አላነበብኩም። ሞከርነው። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ቆይተን ነው የገባን፣ ሰው ተረት ሲሰማ የሚስማማው ከተረቱ ጋር ነው፣ ስለ ራሱ መመለሱን ይተዋል። አወጣነውና «ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣሉ?» አልነው። ላለማሰብ መሞከርን የምትጠይቀው ስድስተኛዋ ደሞ የተገላቢጦሽ ናት፣ በኛ ዘንድ ሆድ ይፍጀው ብሎ መያዝ ጨዋነት ስለሆነ አንዳንዶቹ ሙሉዋን ሲኒ በኩራት ያነሱልናል፣ «ተመስገን፣ አላስበውም!» ይላሉ። እሷን እስካሁን በደንብ የፈታናት አይመስለኝም።

ቃል የማይፈታው ነገርም አለ። «ሁልጊዜ ነቅተው ዙሪያዎን ይጠብቃሉ?» ስንለው አንድ ወጣት «ያልነቃማ ሞቷል» አለኝ፣ ቀልዱን አልነበረም። ይሄ ሕመም መመሪያው ውስጥ መጀመሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ከቬትናም የተመለሱት ወታደሮች ጩኸት ካስገቡት ነገሮች አንዱ ነው፣ ወታደሩ ቤቱ ገብቷል፣ ጦርነቱ ሩቅ አገር ቀርቷል፣ እሱ ግን አሁንም በሩን ይጠብቃል፣ እሱ ነው ሕመሙ። ፒቲኤስዲ ሲባል «ድኅረ» የምትል ነገር አለችበት፣ ያለፈ ነገር ማለት ነው። ላላለፈለት ሰው ምን እንበለው? ራስን ለአደጋ ስለማጋለጥ የምትጠይቀዋም እንደዛው ናት፣ የቀረ እህሉን ሊያይ ወደ ቀዬው በሌሊት የተመለሰ አባወራ በሽተኛ ነው ብዬ አራት ነጥብ ልስጠው? እንቅልፍስ? ዘጠኝ ሰው በአንድ ክፍል፣ ከታች መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ማን ይተኛል? እነዚህ ላይ ያደረግነው ነገር ከጥያቄው ስር «ለምን?» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ነው። ነጥቡን አትቀይርም፣ ኋላ የሚያያቸው ባለሙያ ግን ያነባታል። ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ።

ከቤሩትና ከሪያድ የተመለሱ ሴት ልጆችን የምትረዳ አንዲት ጓደኛዬ የተስተካከለውን ወስዳ አነበበችላቸው። «ድቅን ይልብኛል» ሁሉም ጋ ያለ ምንም ማብራሪያ ገባ፣ ቆርቆሮ ሳይሆን የበር ቁልፍ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ነው ለነሱ።

ቁጥሩ ሲያምር

ከዛ በኋላ ያለው ስሌት ነው፣ ስለሱ ብዙ አልልም፣ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ክሮንባክ አልፋ የሚባል ቁጥር አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የምንጠቀምበት፣ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ይስማማሉ ወይ የሚለውን ያሳያል፣ 0.7 ካለፈ ጥሩ ነው ይባላል። የመጀመሪያው፣ ያ ትዝታ ያለበት ትርጉም፣ አልፋው ያምር ነበር። በኋላ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መልስ የሰጡ ሰዎች አገኘሁ። ግማሹ እርዳታ ሊመዘግቡን ነው ብሎ ሁሉንም «እጅግ በጣም» ብሏል፣ ግማሹ ስማችንን ለማን ይሰጡብናል ብሎ ሁሉንም «በፍጹም» ብሏል። እንደዛ ሲሆን አልፋ ይወጣል እንጂ አይወርድም! አልፋ መስማማትን ነው የሚያየው፣ በምን ምክንያት እንደተስማሙ አይነግርህም። ከዛ ወዲህ ከጥያቄው በፊት ራሽን ላይ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ፣ ስም እንደማይጻፍ፣ ረጋ ብለን ሁለት ጊዜ እንናገራለን።

ሁለተኛው የመቁረጫው ነጥብ ነው። አሜሪካ ላይ 31 ወይ 33 የተባለው እኛ ጋ 31 ወይ 33 መሆኑን ማን አወቀ? ይሄን ለማወቅ መጠይቁን የሞላውን ሰው ነጥቡን የማያውቅ ባለሙያ ካፕስ-5 በሚባለው ቃለ መጠይቅ፣ ሰላሳ ጥያቄ ነው፣ ሰዓት የሚጠጋ ይፈጃል፣ ለብቻው ያየዋል፣ ከዛ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ብዙ ሰው መጠይቅ እንደ ወንፊት እንደሆነ አይገባውም። እንበልና ከ1000 ሰው 100ው በእውነት ሕመሙ ያለበት ነው፣ መጠይቁ ደሞ የታመመውንም ያልታመመውንም 80 በመቶ በትክክል ይለያል፣ ጥሩ ይመስላል አይደል? ከታመሙት 80 ይይዛል፣ ካልታመሙት 900 ደሞ 180ውን «አለባቸው» ይላል። 260 ሰው ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ቆሞ አብዛኛው ሕመሙ የለበትም፣ 20ዎቹ ደሞ በዜሮ ቤታቸው ተመልሰዋል። እኔ ስብሰባ ላይ ስለ 180ው ሲወራ እሰማለሁ፣ ሥራ ስለሚያበዛ። ስለ ሃያዎቹ የሚያወራ ሰው የለም፣ ምክንያቱም አይመጡም።

መቁረጫውን ገና አልጨረስነውም፣ ቁጥር ከመናገሬ በፊት ሁለተኛው ዙር ይለቅ።

ባለፈው ለዛው ዙር ወደ መጠለያው ተመለስን። እማማ የሉም፣ ዘመድ ጋ ሄደዋል አሉን፣ ወደ የት እንደሆነ በደንብ የሚያውቅ አላገኘሁም። የመጀመሪያው ወረቀታቸው ማህደሩ ውስጥ አለ፣ አልቀየርነውም፣ መቀየርም አይቻልም፣ ዜሮዋ እንደተከበበች ናት። ጎረቤታቸው ግን ነበሩ። ያው ልጅ ነው የጠየቃቸው፣ ሲኒዎቹን ደርድሮ ቀስ ብሎ አነበበላቸው፦ «ካለፈው ራሽን ወዲህ ያ ክፉ ቀን ሳይፈልጉት ፊትዎ ላይ ድቅን እያለብዎት ምን ያህል አስቸግሮዎታል?»

ቀና ብለው አዩት። «ይሄማ የእሷ አነጋገር ነው» አሉ።

ሲኒዎቹን ትንሽ አዩና «ለኔ ይቺን ያህል» ብለው ሦስተኛዋን በጣታቸው ገፋ አደረጓት።